የባንቺአየሁ ኑዛዜ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፥ በጥቅምት ወር፥ ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚመለስ አንድ አውቶቡስ ለምሳ ኮሶዬ ላይ ቆመ። ተሳፋሪዎቹ ከብርዱ ሸሽተው ወደ ምግብ ቤቱ ሲገቡ ዶክተር ሐረገወይን ብቻ ደጅ ቀረች። ከግድግዳው ጥግ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ሴት ዓይኗን ይዛዋለች። ሴትዮዋ ለመነሣት ስትሞክር ጉልበቷ ይገተርና እግሮቿ እርስ በርሳቸው ይጠላለፋሉ። ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ በብብቷ ይዘው ሊያነሡአት ይታገላሉ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ከውስጥ ሆና፥ «ወደዚህ አታስገቧት፤ ያደረባት ነገር እንግዶቼን ያስደነግጣል» ትላለች።

ሐረገወይን ባለቤቲቱን ዘወር ብላ እንኳ አላየቻትም። ሄዳ ከሴትዮዋ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«እንደምን ዋሉ አባቴ? ሐኪም ነኝ። ልጅዎን ምን አገኛት?»

ሽማግሌው መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ይባላሉ፤ በመካነ ብርሃን ዜማ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ከላይ እስከ ታች ተመለከቷት።

«ሴት ሐኪም ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። «ባሏ ሰነፍ ናት ብሎ መለሰልኝ። ጎረቤት ጓያ በልታ ነው ይላል። እኔ ጋኔን ነው ብዬ ጠበል ለጠበል ስዞር ሁለት ዓመቴ። እንግዲህ አንቺ ደግሞ የራስሽን ጨምሪ።»

አነጋገራቸው መራራ ነበር፤ ሐረገወይን ግን ከዚህ የባሰ መራራ ለምዳለች። እርሷም የጎንደር ካህን ልጅ ናት። በአሥራ ስምንት ዓመቷ በከተማው ነርስነት ተምራ፥ ቀጥላ ወደ እንግሊዝ አገር ተልካ ሕክምና አጠናች። አሁንስ ትመለሳለች ሲባል ሌላ አራት ዓመት ጨመረች፤ የሞቱ ሰዎችን አንጎልና ህብለ ሰረሰር እየመረመሩ በሽታ ምን እንዳበላሸ የሚያውቁበትን ሙያ ተማረች። ዘመዶቿ ይህን ሲሰሙ አፈሩባት። የካህን ልጅ ከሬሳ ጋር ምን አላት አሉ። ከሁሉ ይልቅ ያጠናችው መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለውን የነርቭ በሽታ ነበር። ስትሰናበተው ፕሮፌሰሯ፥ «ይህ የብርድ አገር ሰዎች በሽታ ነው። በአገርሽ የለምና እውቀትሽን ታባክኚዋለሽ» አላት። እርሷም፥ «ማን ፈልጎ አጣው?» ብላው ነበር የመጣችው።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ዞረች።

«ስምሽ ማነው እህቴ?»

«ባንቺአየሁ።»

«ከእግርሽ በፊት ዓይንሽን አሞሽ ያውቃል?»

ባንቺአየሁ አባቷን አየት አደረገችና መለሰች። «የዛሬ ሦስት ዓመት ግራ ዓይኔ ጨለመ። በአርባ ቀኑ ተመለሰልኝ። ከዚያ ቀኝ እግሬ ደነዘዘ፤ እሱም ተሻለኝ። ኋላ ሁለቱም እንዲህ ሆኑ።»

«ፀሐይ ላይ አጨዳ ስትውዪ ወይም ምድጃ ፊት ስትቀመጪስ ይብስብሻል?»

«ማን ነገረዎት? ጧት እሄዳለሁ፤ ቀትር ላይ እወድቃለሁ። አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ እነሣለሁ። ባሌ፥ ሰጠኝ የሚባለው፥ ሥራ ሲመጣ የምትታመም ብሎ የሰደደኝ ይህን አይቶ ነው።»

«እንግዲያ ጋኔን ለመሆኑ ይህ አይበቃም?» ሲሉ መሪጌታ ጣልቃ ገቡ። «ቀዝቃዛው ጠበል ውስጥ ስትገባ ትጸናለች። ወጥታ ፀሐይ ሲመታት ትወድቃለች። ሸሽቶ የሚመለስ መንፈስ ነው እንጂ።»

«መሪጌታ፥ ጠበሉን አልነቅፍም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ነገር ግን ሰውነቷ ሲሞቅ የሚብስባት የበሽታው ጠባይ ስለሆነ ነው። ጓያም አይደለም። ጓያ የያዘው እግር እየተሻለው እየባሰው አይሄድም፤ ዓይንም አያጨልምም። ጎንደር ከተማ የመብራት ሽቦ አይተው ያውቃሉ?»

«ምነው አላይ።»

«ሽቦው ልባስ አለው። ከአንጎላችን ወደ እግራችን ትእዛዝ የሚያደርሰው ነርቭም እንዲሁ ልባስ አለው። የልጅዎ ልባስ እዚህም እዚያም ተልጧል። ስለዚህ ትእዛዙ አንድ ጊዜ ይደርሳል፥ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል።»

«አይተሽዋል?»

«የእርሷን አላየሁም።»

«ያላየሽውን ትመሰክሪያለሽ?»

ጥያቄው የአዋቂ ጥያቄ ነበርና ሐረገወይን አልተቀየመችም። በለንደንም ቢሆን ከዚህ የተሻለ የጠየቃት አልነበረም። «የእርሷ ዓይነት ምልክት የነበራቸውን የብዙ ሰዎች አንጎል አይቻለሁ» አለች። «ምስክርነቴ እስከዚያ ድረስ ነው።»

«መድኃኒቱስ?»

«የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ግን ጎንደር ሆናልኝ በሆስፒታሉ ብከታተላት እወዳለሁ።»

«እንግዲያ አንቺም የማታድኛት ከሆነ፥ ምነው ከቤቷ ላርቃት ልጄ?»

«ጋኔን ይውጣላት ተብላ በጭስ እንዳትታፈን፥ ሰነፍ ተብላ እንዳትመታ፥ ከመተኛት ብዛት ጀርባዋ እንዳይቆስል አደርጋለሁ። እርሱ ራሱ ዕድሜ ይጨምራል። በሽታውን ካልመረመርነው ደግሞ መድኃኒቱ ለልጅ ልጆቻችን ከየት ይመጣል? ቤት ዘግተን ስለደበቅነው የጠፋ በሽታ የለም።»

መሪጌታ መልስ ሳይሰጡ ባንቺአየሁ ተናገረች። «አባቴ፥ አንቱ ከፈቀዱ ከርሳቸው ጋር እሄዳለሁ። ካልፈቀዱም እሄዳለሁ። አሞኛል ስል ያመነኝ ሰው ዛሬ ነው ያገኘሁት።»

መሪጌታም እያጉረመረሙ የመጡባትን በቅሎ ለአንድ የአገር ሰው አደራ ሰጥተው ከልጃቸው ጋር አውቶቡስ ተሳፈሩ።

ባንቺአየሁ ጎንደር ከአክስቷ ቤት ተቀምጣ በየሳምንቱ ሆስፒታል መመላለስ ጀመረች። ፊደል የቆጠረች ነበረችና ሐረገወይን ደብተር ሰጠቻት። ባንቺአየሁም በየቀኑ ትጽፋለች፤ ዛሬ ግራ እጄ ማንኪያ ጣለ፥ ዛሬ እስከ በሩ ያለ ምርኩዝ ሄድኩ፥ ዛሬ አንዱን ሰው ሁለት አድርጌ አየሁ። ሐረገወይን ደብተሩን እያነበበች ለፕሮፌሰሯ ጻፈች። መልሱ አጭር ነበር። በማይክሮስኮፕ ያልታየ ነገር ወሬ ነው፤ ምናልባት ሌላ የሐሩር በሽታ ይሆናል፤ ይልቅስ ወደዚህ ተመለሺ፥ ሥራ አዘጋጅቼልሻለሁ የሚል ነበር። በሆስፒታሉ ያሉ ባልደረቦቿም፥ «የሌለ በሽታ ፈላጊ» የሚል ስም አወጡላት። እርሷ ግን ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከትታ ሥራዋን ቀጠለች። አንድ ቀን ባንቺአየሁ ለምን እንደከፋት አጥብቃ ብትጠይቃት የደብዳቤውን ነገር ሳትደብቅ ነገረቻት። ባንቺአየሁም ነገሩን በልቧ ያዘችው።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ሳንባዋ ተመታ። መድኃኒቱ አላነሣት ሲል አባቷንና የነፍስ አባቷን አስጠራች። ሐረገወይንም በአልጋው ግርጌ ቆማለች።

«ኑዛዜዬ ይህ ነው» አለች ባንቺአየሁ። «ስሞት እትዬ ሐረገወይን ጭንቅላቴንና ጀርባዬን ከፍተው ይመርምሩ። ያገኙትንም ይጻፉ።»

መሪጌታ ተነሥተው ቆሙ። «ይህማ አይሆንም። ሙሉ ሆና የተሰጠችኝን ልጅ ጎዶሎ አድርጌ አልቀብርም። በትንሣኤ ዘጉባኤ ምን ይዛ ልትነሣ ነው?» ከዚያ ወደ ሐረገወይን ዞሩ። «ለካ ሁለት ዓመት ያስታመምሻት ለዚህ ኖሯል?»

ሐረገወይን ባንቺአየሁን አልጠየቀቻትም፤ በልቧ ግን ተመኝታው ታውቃለች። ይህንንም መካድ አልፈለገችም።

«መሪጌታ፥ አልጠየቅኋትም። አስቤው አላውቅም ብል ግን እዋሻለሁ። እርስዎ ካልፈቀዱ እጄን አላነሣም። ነገር ግን ኮሶዬ ላይ ‹ያላየሽውን ትመሰክሪያለሽ?› ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ለማየት ያለው መንገድ ይህ ብቻ ነው።»

«አባቴ» አለች ባንቺአየሁ፥ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «የተሸከሙት የማንን ስም ነው?»

«የጊዮርጊስን።»

«ጊዮርጊስን ምን አደረጉት?»

መሪጌታ ወደ ነፍስ አባቷ ዘወር አሉ።

«አቃጥለው ፈጭተው በደብረ ይድራስ በተኑት። ልጅ ሳለሁ ያስተማሩኝ አንቱ ነዎት። ታዲያ ጎድሎ ተነሣ?»

«ሙሉ ሆኖ ተነሣ እንጂ።»

«ለነፋስ የተበተነውን የሰበሰበ አምላክ፥ እትዬ ሐረገወይን ጠረጴዛ ላይ ያለውን ማግኘት ያቅተዋል?»

«እርሱ ሰማዕት ነው ልጄ። ስለ ሃይማኖቱ ነው የተፈጨ።»

«እኔም ስለ እውነት ይሁንልኝ። ሰጠኝ አገሩን ሁሉ ሰነፍ ናት ብሎ አሳምኖብኛል። እናንተም ጋኔን ይውጣላት ብላችሁ ሦስት ቀን በጭስ አፍናችሁኛል። በሕይወቴ ቃሌን የሰማ የለም። ስሞት አንጎሌ ይመስክርልኝ። ይህን ከከለከሉኝ፥ አባቴ፥ እርስዎም እንደ ሰጠኝ አላመኑኝም ማለት ነው።»

መሪጌታ ወደ ደጅ ወጡ። ዝናቡ ልብሳቸውን እስኪያበሰብሰው ድረስ ቆሙ። የነፍስ አባቷ ተከትለዋቸው ወጥተው በዝግታ አነጋገሯቸው። መሪጌታ ተመልሰው ሲገቡ ሐረገወይንን ቀና ብለው አዩአት።

«ልጄን መልሰሽ ትሰጪኛለሽ?»

«እሰጥዎታለሁ። የማስቀረው ለምርመራ የሚሆን ጥቂት ቁራጭ ነው። የቀረው ከእርሷ ጋር በክብር ይቀበራል።»

«እንግዲያ አንቺ ስትሠሪ እኔ ደጅ ቆሜ እጸልያለሁ። ቶሎ ብለሽ እንዳታበላሺ፥ ረጋ ብለሽ ሥሪ።»

ባንቺአየሁ በአምስተኛው ቀን ዐረፈች። መሪጌታ እንዳሉት ደጅ ቆመው ጸለዩ፤ ሐረገወይንም እንባዋን ጠርጋ እንዳሉት ረጋ ብላ ሠራች።

ጥናቱ አራት ወር ፈጀ። ሲያልቅ መሪጌታን ወደ ሆስፒታሉ አስጠርታ ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠቻቸው።

«ሰማያዊው ቀለም የያዘው ጤነኛው ልባስ ነው» አለቻቸው። «ቀለም ያልያዘው ቦታ የተላጠው ነው። ይህ ከዓይኗ የሚመጣው ነርቭ ነው። ይህኛው ደግሞ እግሯን የሚያዘው።»

ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ረዥም ጊዜ ተመለከቱ። «በየቦታው ሳሳ፥ ሳሳ ብሏል» አሉ በመጨረሻ። «ይህን ተሸክማ ነው እኔ ተነሺ፥ ሂጂ እያልኩ የተቆጣኋት?»

ሐረገወይን ጥናቷን አሳትማ ለፕሮፌሰሯ ብትልክለት፥ ናሙናዎቹን ላኪልኝ ሲል ጻፈላት። እርሷም ማየት ከፈለገ ጎንደር ድረስ እንዲመጣ፥ ክፍሉም ክፍት እንደሚጠብቀው መለሰችለት። ከዚያ ወዲያ የሌለ በሽታ ፈላጊ ያላት አልነበረም።

የባንቺአየሁ ሙት ዓመት መካነ ብርሃን ላይ ሲዘከር መሪጌታ በሕዝቡ ፊት ቆሙ። ሰጠኝም ከተሰበሰበው ሰው መካከል ነበር። «ልጄን የገደላት በሽታ ነው» አሉ። «በዓይኔ አይቻለሁ። ሰነፍ ያላት ዋሽቷል፤ ጋኔን አለባት ያልኩት እኔም ተሳስቻለሁ። ጠበሉን አትተዉ፤ ሐኪሙንም አትተዉ። በየቤታችሁ የደበቃችሁትን በሽተኛ አውጡ።»

በዚያ ዓመት መካነ ብርሃን ካለችበት ከጃናሞራ ሰባት ሰዎች ወደ ጎንደር ወረዱ። አራቱ ጓያ የጎዳቸው ነበሩ፤ እነርሱ ባይድኑም ቤተሰባቸው በችግር ዘመን እህሉን እንዴት እንደሚጠነቀቀው ተምሮ ተመለሰ። ሁለቱ አከርካሪያቸውን ቲቢ የሚባለው ነቀርሳ የያዛቸው ነበሩ፤ በመርፌና በኪኒን ድነው በእግራቸው አገራቸው ገቡ። ሰባተኛዋ አምሳል የምትባል ሴት የባንቺአየሁ በሽታ ተገኘባት።

ሐረገወይን አምሳልን ለማየት ወደ ቤቷ በሄደች ጊዜ መሪጌታ ቀድመዋት ደርሰው፥ ከሴትዮዋ አማት ከአያ ውዱ ጋር ሲከራከሩ አገኘቻቸው።

«መድኃኒት ከሌለው ምን ይሠራላታል?» ይላሉ አያ ውዱ።

«ከአጨዳ ታሳርፏታላችሁ። ጥላ ሥር ታስቀምጧታላችሁ። ስትወድቅ ታነሷታላችሁ እንጂ አትሰድቧትም» ይላሉ መሪጌታ። «ይህን ያደረጋችሁ እንደሆነ ልጆቿን ታሳድጋለች። እኔ ይህን ሳላውቅ የኔዋን ቀበርኩ። አንተ ዛሬ አወቅህ፤ ከዛሬ ወዲያ አላወቅሁም አትልም።»

አያ ውዱ ወንድ ልጃቸውን ጠርተው ማጭዱን ከምራታቸው እጅ እንዲቀበላት አዘዙት። ሐረገወይንም ከአምሳል አጠገብ ተቀመጠችና ዓይኗን መመርመር ጀመረች።