ግራዝማች ይርሳውና ያለ ጭስ የሚሄደው መኪና

ሰው መልካም ምክር ከማን እንደሚያገኝ አያውቅምና፣ እኔ መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል በጣሊያን ዘመን መንገድ ላይ የሰማሁትን ለአንባቢ ልንገር። ያን ቀን መካሪ አልነበርሁም። እንዲያውም ለጥፋት የሚሆን ደብዳቤ ጽፌ በጉያዬ ይዤ ነበር።

ደብዳቤው የግራዝማች ይርሳው የመግቢያ ደብዳቤ ነው። እኒህ የቋሪት ባላባት ሁለት ክረምት በዱር ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ከርመው፣ አሁን ጠመንጃቸውን አስረክበው ለጠላት ሊገቡ ቆርጠው ወደ ቡሬ ሲወርዱ እኔን አስከተሉኝ። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከሚባለው ከተማ አለፍ እንዳልን፣ ከመንገድ ወጥቶ የተጣለ ካሚዮን የሚሉት የጣሊያን ጭነት መኪና አገኘን። እጁ በዘይት የጠቆረ አንድ ሰው ሞተሩን ይፈታታል።

ግራዝማች እንግዳ ሰው ሲያዩ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንላቸውም። ከስንቃቸው ዳቦ ቆርሰው ሰጡትና አብረን ከጥላ ተቀመጥን። ክንፈሚካኤል እባላለሁ አለን። በጅቡቲ መኪና ሲጠግን፣ በኋላም በፈረንሳይ አገር ሲሠራ ኖሮ የተመለሰ ነው፤ ለአርበኞች የሚጠቅም ሽቦና ብረት ይለቅማል።

"ልጄ፣ ይህን ጉድ ባትነካው ይሻልሃል" አሉት ግራዝማች። "ያን አቀበት ያለ በቅሎ ሲወጣው በዐይኔ አይቻለሁ። ብረትን በእግሩ የሚያስኬድ ሕዝብ እግዚአብሔር የረዳው ቢሆን ነው። ከፈጣሪ ጋር አልታገልም ብዬ ልገባ ነው የመጣሁ።"

"ከዚህ የበለጠም አለ፣ ግራዝማች። የማይጨስ፣ የማይጮህ፣ ቤንዚን የማይጠጣ መኪና አይቻለሁ። በኤሌክትሪክ ነው የሚሄድ። ኃይሉን እንደዚህ እንደ ካሚዮኑ ባትሪ ባለ ሣጥን ተሸክሞ ይውላል፤ ሲያልቅበት በሽቦ ይሞሉታል።"

"መብረቅን በሣጥን ይከቱታል?"

"እንደዚያ ይበሉት።"

"ታዲያ ንጉሣቸው ብቻ ነዋ የሚቀመጥበት።"

"ኧረ የለም። የከተማውን ጥራጊ ያመላልሱበታል።"

ግራዝማች አማተቡ፤ እኔም አማተብሁ። መብረቅን ጥራጊ የሚያሸክሙ ሰዎች ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆኑ ማሰብ አቃተኝ።

ክንፈሚካኤል ከካሚዮኑ ባትሪ ሁለት ሽቦ ስቦ አንዱን ከመብራቱ ጋር አሰረ። ሌላውን ለግራዝማች አስያዛቸውና "እዚህ ላይ ያስነኩት" አላቸው። አስነኩት። መብራቱ ቦግ አለ። ደንግጠው ሽቦውን ሲለቁት ጠፋ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ራሳቸው አንስተው እንደገና አበሩት። ስንት ጦርነት ያዩት ሰው ዐይናቸው እንባ ሞላ።

"ማን አበራው?" አለ ክንፈሚካኤል።

"እኔ ነኛ።"

"እርስዎ ጣሊያን ነዎት?"

"አትሳደብ።"

"እንግዲያው ኃይሉ የጣሊያን አይደለም፤ የተማረ ሁሉ ያዝዘዋል። ይህን የሠራው መልአክ አይደለም፤ ብረት ቀጥቃጭ ነው። እዚያ አገር ብረት ሠሪ ተከብሮ ከመኳንንት ጋር ይበላል። በእርስዎ አገር ብረት ሠሪ የለም?"

ግራዝማች ሽቦውን መሬት አኖሩ።

"ነበረ። ንብረት ይባላል። ሁለት ወር አይሞላውም፤ ልጄ አቻምየለሽ ታማ ከዱር ብመጣ፣ ቡዳው ነው የበላት ብለው ነገሩኝ። ቤቱን አፍርሼ አባረርሁት።"

"ከዚያ ዳነች?"

"እሱ በሄደ ባሥራ አምስት ቀኑ ሞተች። ያን ሰሞን ንዳድ ብዙ ሰው ፈጀ።"

"ነፍስ ይማር" አለና አንገቱን ደፋ። ቀጥሎም "ጠመንጃዎ ደኅና ነው?" ሲል ጠየቃቸው።

"ምላጩ ተሰብሯል። የሚያበጀው ሰው ጠፋ።"

"አልጠፋም፣ ግራዝማች፤ እርስዎ አባረሩት። የራስዎን ብረት ሠሪ አሳድደው፣ ብረት ሠሪውን ላከበረ ሕዝብ ሊገዙ ይሄዳሉ። ይቆጡ እንደሆነ ይቆጡ፤ እኔም የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። ዳቦዎን አብረን በላን፤ ምን ሆኑ?"

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ አለ። ቡዳው ነው ብሎ ለግራዝማች የነገራቸው ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የተማርሁ መስሎኝ ነበር። አፍሬ ይህንኑ በፊታቸው ተናዘዝሁ። አልተቆጡኝም፤ "ደብዳቤውን ቅደደው" ብቻ አሉኝ።

ንብረት ስንጠያይቅ ከቡሬ ወዲህ ካለ አንድ ገበያ ዳር ጎጆ ቀልሶ ተገኘ። ግራዝማች ከደጁ ሲደርሱ ከበቅሏቸው ወረዱ፤ ነጠላቸውን አደግድገው ከመንገድ ዳር ትልቅ ድንጋይ አንስተው በአንገታቸው ተሸከሙ። እኔም የራሴን ተሸከምሁ። ንብረት ወናፉን ትቶ ወጣ። ባላባት በደጁ ድንጋይ ተሸክሞ ሲያይ ሮጦ አወረደላቸው።

"ቤትህን እሠራልሃለሁ፤ ሌላም የምትሻውን ንገረኝ" አሉት።

"የአቻምየለሽ አርባዋ መቼ ነው?"

"የፊታችን ሐሙስ።"

"ከሰው እኩል ተቀምጨ ተዝካሯን ልብላ። ልጅቱን አልገደልሁም።"

ሐሙስ ዕለት በቋሪት፣ በተዝካሯ ላይ፣ ግራዝማች ንብረትን ከቀኛቸው አስቀመጡት። ያን ጊዜ ሁለት ሽማግሌዎች ከመሶቡ ተነሡ። ግራዝማችም ቆሙና እንዲህ አሉ፦

"ልጄን የገደላት ንዳድ ነው። ይህ ሰው ከሄደ ወዲህ ማረሻችን ዶልዱሟል፣ ጠመንጃችን ዝም ብሏል፤ እኔም ጠላት ደጅ ልጠና ሄጄ ነበር። ከእንግዲህ ከየቤታችሁ አንዳንድ ልጅ ወናፉ ዘንድ ይቀመጥና ጥበቡን ይማር። እኔ ያየሁትን መብራት እነሱ ይሠሩታል። ከዚህ ሰው ጋር አልበላም የምትሉ፣ በእሱ ማረሻ የታረሰውንም እህል ተዉት።"

ሽማግሌዎቹ መሶቡን አዩ፤ በመሶቡ ላይ በንብረት ማረሻ ያልታረሰ ጤፍ አልነበረም። ተመልሰው ተቀመጡ። ግራዝማች የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ለንብረት አጎረሱት።