ለገብስ ጆንያ የተነገረ

በደርግ ጊዜ ነው። ከሁሩታ ወደ አሰላ በምትሄድ ላንድሮቨር ውስጥ አንዲት ተማሪና በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን የያዙ እናት አጠገቤ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ምነው ልጄ፣ አሞሻል? ለብቻሽ ታወሪያለሽ።»

«ደህና ነኝ እማማ። ነገ ክፍል ፊት ወጥቼ መናገር አለብኝ። ገና ስቆም ድምፄ ይጠፋል።»

«ልጄም እንዳንቺ ነበር። አስተማሪው ሲያስነሳው ተመልሶ ይቀመጥ ነበር።»

«በኋላ ፍርሃቱ ለቀቀው?»

«እኔ ነኝ ያስለቀቅኩት። የገብስ ጆንያ ግድግዳ ሥር ደርድሬ፣ በል ተማሪዎቹ እነዚህ ናቸው፣ ንገራቸው አልኩት። ክረምቱን ሙሉ ለጆንያ ሲናገር ከረመ።»

«ጠቀመው?»

«እንዴታ። ክፍሉ አጨበጨበለት። ከዚያ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ ተነሣና፣ የገበሬውን እህል በዚህ ዋጋ መውሰድ ግፍ ነው አላቸው። አንዴም አልተደናቀፈም አሉ።»

«ቀስ ይበሉ እማማ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። ከስብሰባው ወጥቶ ቤት አልገባም። አሰላ እስር ቤት ስንቅ ሳመላልስለት ቆየሁ።»

«ይሄ ሳህንም የሱ ነው?»

«ባለፈው ዘበኛው ሳህኑን እንዳለ መለሰልኝ። ከእንግዲህ አያምጡ አለኝ።»

«ታዲያ ዛሬ...»

«ቤት ቁጭ ብዬ ጆንያውን ልይ?»

መኪናዋ ዳገቱን ስትጨርስ ልጅቷ ወደ እሳቸው ዞረች።

«እማማ፣ ነገ ምን ላድርግ?»

«ፍሪ ልጄ። ድምፅሽ ከጠፋም ይጥፋ።»

አሰላ ስንደርስ እሳቸው እስኪወርዱ ሳህኑን ተቀበልኳቸው፤ ገና ትኩስ ነበርና እንደ ዘበኛው ቶሎ መልሼ መስጠት አቃተኝ።