የሼህ አህመዲን የስልክ መስመር

በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ውስጥ፣ ሼህ አህመዲን ከዝሁር ሶላት ሲመለሱ መካነ ሰላም ገበያ ዳር ከወንድማቸው ልጅ ከሩፋይዳ ጋር ተገጣጠሙ። ከኮምቦልቻ ኮሌጅ ተመርቃ የመጣችው ይህች ልጅ አንድ ነገር ካሰበች እንደማትመለስ ያውቃሉና፣ ሰላምታው ሳያልቅ በልባቸው ተዘጋጁ።

እንደፈሩትም ሆነ። ሩፋይዳ በእሳቸው የቤት ስልክ መስመር ላይ ኢንተርኔት ማስገባት ፈልጋለች። ለአዲስ መስመር ወረፋው ረጅም ነው፤ ያለው ሽቦ ግን ለሁለቱም ይበቃል አለች። ሼሁ ሲቆጡ ዝም የሚሉ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ብዙ ተናገሩ። በዚያ ስልክ ጎረቤታቸው ሀጀራ ጅዳ ካለችው ልጇ ከሺፋ ጋር ትገናኛለች። ሺፋ ደግሞ አሠሪዎቿ ስልክ የሚፈቅዱላት በሳምንት አንዴ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ለሩብ ሰዓት ብቻ ነው።

«ደሴ አንድ መሥሪያ ቤት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ኢንተርኔቱ ሲከፈት ስልኩ ዲዳ ይሆናል» አሉ። «የእናት አማና ተቀብዬ መሞከሪያ ላድርገው?»

«እውነትዎን ነው አጎቴ፣ የድሮው እንደዚያ ነበር» አለች ሩፋይዳ አንገቷን ሰበር አድርጋ። «የአሁኑ ግን ሁለቱን በአንድ ሽቦ ያስኬዳል፤ ትንሽ ማጣሪያ ትለያቸዋለች። እርስዎስ ቁርኣን ሲያስተምሩ፣ ሠላሳ ደረሳ በአንድ ቤት የየራሱን ሱራ ጮሆ ሲቀራ፣ አንዱ አንዲት ፊደል ቢስት ከመሀል ለይተው አያርሙም?»

ነገሩ ለሼሁ ገባቸው። በዚህ ጆሯቸው አገር ያደንቃቸዋል፤ እሳቸውም፣ አላህ ይቅር ይበላቸውና፣ ትንሽ ይኮሩበታል።

«ሺፋ ደውላ ካጣችን ሽቦውን በገዛ እጄ ነው የምነቅለው» ብለው ፈቀዱ።

ሩፋይዳ ማጣሪያዋን ሼሁ ቤት ገጥማ ኢንተርኔቱን አስገባች፤ የሚቀጥለው ጁምዓም ደረሰ። ሩፋይዳ ኮምፒዩተሯን ከፍታ የሰፈሩን ተማሪዎች የፈተና ውጤት ታወጣለች። ሀጀራ ስልኩ ሥር ተቀምጣለች። ሰዓቱ አለፈ፤ ሼሁ «ይብቃሽ፣ ዝጊው» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ስልኩ ጮኸ። የሺፋ ድምፅ ጥርት ብሎ እሳቸው ዘንድ ድረስ ተሰማ፤ ውጤቱም መምጣቱን አላቋረጠም።

አዲስ ምሰሶ አልተተከለም፣ አዲስ ሽቦ አልተዘረጋም። ሆኖም ከዚያ ቀን ወዲህ የሰፈሩ ተማሪ ውጤቱን ለማየት በአቀስታ በኩል ደሴ ድረስ አይንከራተትም፤ እናትም ከልጇ አልተለያየችም። ያለን ነገር በዕውቀት ሲጠቀሙበት እንዲህ ይበረክታል።

ሼሁ ስልኩን ከሀጀራ ተቀበሉ።

«ሺፋ ልጄ፣ ለአሠሪዎችሽ ንገሪያቸው» አሉ፤ «መካነ ሰላም አንድ ሽቦ ሁለት ሥራ ይሠራል። የሠራችውም የእኛው ሩፋይዳ ናት። ኮንትራትሽ ሲያልቅ ነይ፤ አንቺንም ታስተምርሻለች።»