የሐራ ጣቢያ አሥራ ሁለቱ ወንበሮች

በ2014 ዓ.ም. ግንቦት፣ ጦርነቱ ወልድያን አልፎ ትንፋሹን በሰበሰበበት ሰሞን፣ ሐጂ ኡበይደላ ሳይሸጥ የተረፈ ማንጎ ታቅፈው ከመርሳ ገበያ ወደ ሐራ ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ ከኢሕሳን ጋር ተገጣጠሙ። ኢሕሳን የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ምህንድስና ተምራ በሐራ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ቆጣሪ ሆና ተቀጥራለች። ሐጂ ደነገጡ፤ ከምትፈልገው ዕቃ አሥራ ሁለቱ እሳቸው ግቢ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣቢያው ተሠርቶ፣ ተወልውሎ፣ ባቡር ብቻ ቀርቶት ሳለ ጦርነቱ ደረሰ። በሩም መስኮቱም እግር አውጥተው ሲሄዱ፣ ሐጂ ረጃጅሞቹን የመጠበቂያ ወንበሮች በጋሪ እየጫኑ አሸሹ። አደራ ነው፣ አማና ነው ብለው። ችግሩ፣ አማናው ተመቻቸው። የሰፈሩ ሽምግልና አሁን በእነዚያ ወንበሮች ላይ ነው፤ መቀመጫው ስለማይቆረቁር ክርክሩ ሁሉ ረዝሟል።

«ሐጂ፣ ወንበሮቹን ልወስድ ነው» አለች፣ ሰላምታው ገና ሳያልቅ።

«አማና ነው እኮ! ለባለቤቱ እንጂ ላንቺ አልሰጥም።»

«ባለቤቱ ማነው?»

«ባቡሩ ነዋ! ይምጣና በእጄ አስረክበዋለሁ።»

ሹፌሩ ጌትነት በሳቅ መንገዱን ስቶ ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ ማንጎው ተበተነ።

«አባባ ሐጂ፣ ባቡር ወንበር ላይ ይቀመጣል እንዴ?» አለች ኢሕሳን።

«አትቀልጂብኝ! አባቴ ደሴ በበቅሎ ነበር የሚሄድ፤ ደርሶም ተመልሷል። እናንተ ባቡር ባቡር ስትሉ ስንት ዓመታችሁ? ሐዲዱ ላይ የሚጋደመው ፍየል ነው።»

«ቅዳሜ የጣቢያውን ጉዳት ገምጋሚዎች ይመጣሉ። አዳራሹን ባዶ ካዩት መጋዘን ይሁን ብለው ይጽፋሉ፤ ያኔ ጥገናውም ባቡሩም ቀረ ማለት ነው።» አንድ ማንጎ ከወለሉ አነሳች። «ይሄ ስንት ቀን ይቆያል?»

«ወላሂ፣ ከነገ ወዲያ ለፍየል ነው።»

«ባቡር ቢኖር በማግስቱ አዋሽ ነበር። ደግሞ የወንበሩ ባለቤት ተጓዡ ነው፤ እርስዎም ጭምር። እስቲ ይንገሩኝ፣ የሚጠብቅ ሰው ወደሌለበት ማን ይመጣል?»

ሐጂ ሰው ሲከራከራቸው እንጂ ሲጠይቃቸው አልለመዱም። ሐራ እስኪደርሱ ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና፣ ከባጃጁ ሲወርዱ «ጋሪውን ላኪ» አሉ።

ቅዳሜ ገምጋሚዎቹ በር የሌለው አዳራሽ ሲገቡ አሥራ ሁለቱም ወንበሮች በሰው ተሞልተዋል። ሽማግሌው በሙሉ ነጭ ለብሶ፣ የማንጎ ቅርጫቱን እግሩ ሥር አኑሮ ተደርድሯል።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለ አለቃቸው።

«ባቡር እየጠበቅን» አሉ ሐጂ።

«ባቡሩ እኮ ገና ነው፣ አባቴ!»

«እኛ ደርሰናል፤ የዘገየ እሱ ነው። ማንጎው አዋሽ ይሻገር፣ በሽተኛው ሐኪም ዘንድ ይድረስ፣ ልጁም ትምህርቱን ጨርሶ በዚሁ ይመለስልን ብለን ነው። ስንት ሰዓት ይመጣል?»

አለቃው ላቡን ጠረገ። ወረቀቱ ላይ «መጋዘን» ብሎ የጀመረውን ሰርዞ «በአስቸኳይ ይጠገን» ብሎ ጻፈ። ሐጂ ኢሕሳንን ጮክ ብላ እንድታነብላቸው አደረጉ፤ አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ከዚያ ጠጋ ብለው ለአለቃው ቦታ ለቀቁለት፣ ማንጎም ላጡለት።

«በል ልጄ፣ ቁጭ በል» አሉት። «ወረቀቱ አሁን አንተ ዘንድ ያለ አማናችን ነው። እኔ እንደሆንኩ ወንበር ይዤ ስጠብቅ አንድ ዓመት አልሰለቸኝም።»