ቅዳሜ ማለዳ የሚመጡ ሰዎች

ሲያትል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባል ሰፈር ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ አንድ ቀን ጎረቤቴ ጽጌ የባሏን ኮምፒውተር ተሸክማ መጣች። አልነሳ ብሎት ሲናደድ አይታ፣ ከሥራ ሳይመለስ አሠርታ ልታስደስተው ነው።

ዲስኩን ፈትቼ ከራሴ ማሽን ጋር ሳገናኘው ፋይሎቹ አንድም ሳይጎድል ተገኙ። «እስቲ አንዱን ክፈትና ልየው» አለችኝ። ኮራ ብዬ መጨረሻ የተጻፈውን ከፈትኩላት። «ለጽጌ የእናቷን መርዶ ቅዳሜ ማለዳ የሚነግሩ» ይላል። ከሥሩ ስም ተደርድሯል፤ ሦስተኛው የኔ ነው። ባሏ ገና አልነገረኝም ነበር።

ጽጌ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «አንተም ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

አላውቅም ነበር። ግን ያረዳኋት እኔ ነኝ፤ ያውም ዘመድ ሳይከባት፣ እንደቆመች።