የጋሽ ትኩስ እፍኝ ዱቄት

ዝናብ አባሮኝ አንድ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። ቀና ብዬ ባይ ልጅ ሆኜ ዳቦ የምገዛበት ቤት ኖሯል። ያው ጥቁር ምድጃ፣ ያው በዱቄት የነጣ ሰሌዳ፣ ያው ሽታ። ባለቤቱን፣ «ትኩስ! ትኩስ!» እያሉ ሰፈሩን ስለሚቀሰቅሱ፣ ጋሽ ትኩስ እንላቸው ነበር። አሁን ፀጉራቸው ከዱቄቱ አይለይም። ያን ቀን ግን ከእህታቸው ልጅ ጋር ሙግት ይዘዋል።

ወጣቷ የምትሠራው በምግብ ምርመራ ላቦራቶሪ ነው። የሙግቱ ምክንያት የጋሽ ትኩስ የልጅ ልጅ፣ ሚጢጢ ናት። ሐኪም «ሴሊያክ የሚባል ሕመም አለባት» ብሎ ስንዴና ገብስ ከከለከላት ወራት አልፈዋል፤ ሆዷ ግን እንደተነፋ፣ ክንዷም እንደቀጠነ ነው።

«እስቲ አንተ ፍረድ፣ የተማርክ ነህ» አሉኝ ገና ሰላም ሳልላቸው። «ለልጅቷ የበቆሎና የሩዝ ዳቦ ለብቻ እጋግራለሁ። ስንዴ አላስነካውም። ዱቄት በእጄና በምላሴ ስለይ ያረጀሁት ሰውዬ ዛሬ በወረቀት ልመርመር?»

«አጎቴ፣ እጅዎን ማን ያማል?» አለች ወጣቷ። «ግን ግሉተን፣ ያ የስንዴን ሊጥ እንደ ላስቲክ የሚስበው ነገር፣ ትንሽ ከሆነ በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይለይም። እኛን ምንም አያደርገንም፤ የእሷን አንጀት ግን ያቆስለዋል። የበላችው ሁሉ ገላ አይሆናትም።»

«በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ በሽታ የት ነበር?»

«ነበረ እንጂ፤ ስሙን የሚያውቅ ጠፍቶ ነው። በዘርም ይሄዳል።»

ጋሽ ትኩስ ዱቄት የነካ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«ታናሽ ወንድም ነበረኝ» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ሲበላ እየዋለ ይከሳ ነበር። ሰው ዓይን በላው አለ። እኔ ደግሞ ጫፍ ጫፉን እየቆረስኩ፣ ብላ፣ ትጠነክራለህ እለው ነበር።»

አስታወስኩት። አንድ ዴስክ ላይ አብረን እንቀመጥ ነበር፤ ሳቂታ ልጅ ነበር፣ ሳያድግ የቀረ። እንዴት እንደናፈቀኝ ያወቅኩት ያኔ ነው።

«ያልተመረመረውን አናውቅም፣ አጎቴ» አለች ወጣቷ በርኅራኄ። «የሚጢጢን ግን ማወቅ እንችላለን።»

ከበቆሎውና ከሩዙ ዱቄት ቆንጥራ በጠርሙስ ፈሳሽ ውስጥ በጠበጠችና ከላቦራቶሪ ያመጣችውን ቀጭን የመመርመሪያ ወረቀት ነከረችበት። አንድ መስመር ወጣ፤ ንጹሕ ነው ማለት ነው። ከሚጢጢ ዳቦ ፍርፋሪ ስትነክር ግን ሁለት መስመር ወጣ።

«ዱቄቱ ንጹሕ፣ ዳቦው ግሉተን ያለበት? ይሄማ ጉድ ነው!» አሉ ጋሽ ትኩስ።

«እስቲ ሲጋግሩ እንይ።»

ሳህኑን አጥበው አቦኩ፣ አድበለበሉ። ከዚያ እጃቸው ዓይናቸውን ሳያማክር ምድጃው አጠገብ ወዳለው ቆርቆሮ ገባና እፍኝ ሙሉ ዱቄት ሰሌዳው ላይ ነሰነሰ።

«ጋሼ፣ ይሄስ?» አልኩ።

«ይሄማ መነስነሻ ነው። ያስተማሩኝ ሽማግሌ፣ ሊጥ ራቁቱን እሳት አይገባም ይሉ ነበር…» እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ስንዴ ነው» አሉ። ምድጃው አጠገብ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ። «በገዛ እጄ!»

«በፍቅር ነው ያደረጉት» አለች አቅፋቸው። «ልማዱን አይተዉ፤ ዱቄቱን ይቀይሩ።»

አባቶች ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያሉት ሰውን ብቻ አይመስለኝም፤ የገዛ እጃችንንም ጭምር ነው። የሽማግሌው ምክር መልካም ነበር፤ ሚጢጢን ግን አያውቋትም።

ጋሽ ትኩስ አዲስ ሰሌዳ፣ አዲስ ወንፊትና የሩዝ መነስነሻ ገዙ። የስንዴ ብናኝ እንዳያርፍበት የሚጢጢን ዳቦ ጠዋት፣ የስንዴው ጆንያ ሳይከፈት፣ ይጋግራሉ፤ ሳይመረመርም አይሰጧትም። የልጅቷ ጉንጭ ሞላ፣ የትምህርት ቤት ቀሚሷ አጠረ። ልጆቻቸው እንደ እሷ የሚታመሙባቸው እናቶችም ከሌላ ሰፈር ይመጡ ጀመር።

በቀደም ስሄድ ሚጢጢ ወንበር ላይ ቆማ ወረቀቱን አፍጥጣ ታያለች፤ ዳቦው አጠገቧ ይጠብቃል። ዳቦ ቀዝቅዞ ማየት የማይወዱት ሰውዬ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ።

«አያቴ፣ አንድ መስመር!»

ጫፉን ቆረሱላት። ከዚያ በሩን ከፍተው፣ ዳቦው ቀዝቅዞ ሳለ፣ እንደ ጥንቱ ሰፈሩን በድምፃቸው አናወጡት፦

«ትኩስ! ትኩስ!»