ጋሽ ታደሰ የማይወዱት መጠጥ
በኮሮናው ጊዜ ከካዚኖ ሥራ ተቀንሼ እዚህ አሜሪካ ኢንተርፕራይዝ በሚባል ሰፈር ሊከር ስቶር፣ መጠጥ መሸጫ ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ድርብ ሺፍት ሠርቼ፣ ቆሜ እንቅልፍ ሲጥለኝ፣ አንዲት ትልቅ ሴት ገቡና በአማርኛ «ልጄ፣ ለፈረንጅ የገና ኬክ የሚሆን መጠጥ ፈልጌ ነበር» አሉኝ። ጎረቤታቸው የሆነች አሜሪካዊት አሮጊት አምሯት ሊጋግሩላት ነው። «እስከ ገና በየሳምንቱ መጠጥ ይፈስበታል አሉ። ጠርሙሱ እኔ ቤት ሊከርም ነው» አሉ።

ሩምና ብራንዲ አውርጄ «የትኛው ይሁን?» አልኳቸው።

«ባለቤቴ የማይወደውን ስጠኝ። ታደሰን ታውቀዋለህ። መጠጥ ካቆመ አራት ወሩ ነው።»

ክው አልኩ። ጋሽ ታደሰ ከሥራ ሲወጡ በየቀኑ የምሸጥላቸው እኔ ነበርኩ። ሲጠፉ ሰፈር የቀየሩ መስሎኝ ነበር። መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አየሁት።

«እትዬ፣ እሳቸው የማይወዱት የለም» አልኳቸው።

ሁለቱንም ጠርሙሶች ቀስ አድርገው ወደ እኔ ገፉና «በቃ፣ በብርቱካን ጭማቂ እሠራላታለሁ» ብለው ወጡ። ከኋላቸው ተሰልፎ የነበረው ሰውዬ ቮድካውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ዓይኑን ለማየት አቅም አልነበረኝም። ምን ላድርግ፣ ሸጥኩለት።